የ180 ብሩ የፊደል ገበታ፦ አስተማሪም አባትም ሆኜ ተጠቅሜ ያየሁት

ባለፈው ክረምት ለስድስት ዓመቷ ልጄ ሦስት ዓይነት የፊደል ገበታ ገዛሁላት። አንዱ ተራ ወረቀት ነው፣ አንዱ ፕላስቲክ የተለበጠ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሲጫኑት የሚናገር ባለ ባትሪ። ሦስቱንም የገዛሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ካሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ነው። እኔ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ስለዚህ ዕቃ መቼም በቂ እውቀት አለኝ ብዬ ነበር የገባሁበት። ከሁለት ወር በኋላ ግን ስለ ገበታውም ስለ ራሴም ያላወቅሁት ብዙ ነገር እንደነበረ ገባኝ። ልጃችሁ ዘንድሮ ወይም በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ክፍል የምትገባ ከሆነ ይሄን አንብባችሁ ግዙ።

በወረቀቱ ልጀምር። 30 ብር ነው። አትግዙት። ቀለሙ ፈሷል፣ ነ እና ኘ አይለዩም፣ የኘ ቆብ ከነጥብ አይበልጥም። አማርኛ ከግዕዝ ላይ የጨመራቸው ሰባቱ ፊደላት ማለትም ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ ከነባሮቹ የሚለዩት ከላይ፣ ከጎን ወይም ከእግር በምትጨመር ትንሽ ጭረት ነው። ሰ ላይ ቆብ ብትደፉበት ሸ ነው፣ ተ ላይ ብትደፉበት ቸ ነው። ያቺ ጭረት በደንብ ካልታተመች ልጁ የሚማረው ነገር የለም። የኛው ደግሞ በሳምንቱ ማዕዘኑ ተቀደደ፣ ልጄ በምራቅ ባራሰችው ጣቷ ስትነካካው መሃሉ ላይ ተበሳ።

የሚናገረው 1,200 ብር ነው፣ ለኔ ደሞዝ ቀላል አይደለም። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን በጣም ወደደችው። ችግሩ ድምፁ ነው። ለ ስትጫኑ ላ ይላል፣ ላ ስትጫኑም ላ ይላል። በ እና ባም እንደዚያው። የአማርኛ የመጀመሪያው ድምፅና አራተኛው ድምፅ ለትንሽ ልጅ ጆሮ ለመለየት ቀድሞም ከባድ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ አንድ ካደረጋቸው ልጁ ተሳስቶ ነው የሚለምደው። ልጄ ለሁለት ሳምንት ያህል "ለምለም" የሚለውን "ላምላም" ስትል ነበር። ለማስተካከል የፈጀብኝ ጊዜ ገበታውን ካየችበት ጊዜ ይበልጣል። አንድ ጥሩ ነገሩን ግን ሳልናገር አላልፍም። መቶ ጊዜ ብትጫኑት መቶ ጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ይመልሳል። አይሰለችም፣ አይቆጣም። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ፕላስቲኩ። 180 ብር። ቁመቱ ልጄን ያክላል፣ ተጠቅልሎ ነው የሚሸጠው። ለጥ ብሎ እንዲሰቀል ለአንድ ሌሊት ፍራሽ ሥር አድርጉት። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ጭረቶቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል። የታወቁት 33 ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ናቸው፣ ይሄኛው ቨንም ጨምሮ 34 መስመር አድርጎታል። ከታች ቋ፣ ኳ፣ ጓ እና ሌሎቹ ዲቃላ ፊደላት አሉ፣ ከነሱ ቀጥሎ የግዕዝ ቁጥር እስከ ፻። ከላይ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ ብሎ የቤቶቹን ስም በየዓምዱ ጽፏል። ያንን በጣም ነው የወደድኩት። ብዙ አዳዲስ ገበታዎች ይሄን ትተውታል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥቅም አለው። የነጭ ሰሌዳ ማርከር ይጽፍበታል፣ በደረቅ ጨርቅ ይጠፋል። ልጄ ፊደሉ ላይ ራሱ ተከትላ መጻፍ ትችላለች ማለት ነው። እስክሪብቶ ግን አትስጧት፣ አይለቅም። አሰቃቀሉንም አስቡበት። ከመስኮት ትይዩ ከሆነ ፕላስቲኩ ያንጸባርቃል፣ ልጁ የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው። እኛ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀይረንለታል። ከፍታውን ደግሞ በልጁ ዓይን ልክ አድርጉት። አብዛኛው ቤት ውስጥ የማየው ገበታ የተሰቀለው ለአባትየው ዓይን ነው።

ሥዕሎቹ ላይ ቅሬታ አለኝ። ከየመስመሩ ዳር አንድ ሥዕል አለ። ለዐ ዓሣ ሥለዋል። ልጄን "ይሄ ምንድን ነው?" ብዬ ፊደሏን ሳሳያት ጮክ ብላ "ቆሮሶ!" አለችኝ። የሐዋሳ ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ። እሷ የምታውቀው ዓሣ ስም ያለው ነው፣ ወይ ቆሮሶ ነው ወይ አምባዛ። መልሷ ትክክል ነው፣ ፊደሏን ግን አላየችም። ያኔ ነው ሥዕል ላይ ያለኝ እምነት የቀነሰው። ልጅ ሥዕል ካለ ሥዕሉን ነው የሚያነበው። ስለዚህ የሥዕሉን ዓምድ በወረቀት ሸፈንኩት።

እነዚህ ግን ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ትልቁ ነገር ይሄውና።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ልጄ ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ትወጣው ጀመር። ዘመድ ሲመጣ ትጠራለች፣ ታዜመዋለች፣ ሁሉም ያጨበጭባል። እኔም ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ "ፊደል ቆጥራ ጨረሰች" አልኳት። አንድ ቀን ጠዋት ግን ከኋላዋ ቆሜ ጣቷን አየሁት። አፏ "መ ሙ ሚ ማ" ይላል፣ ጣቷ ሐ ላይ ነው። አንድ መስመር ወደ ኋላ ቀርቷል። አፏ ይሄዳል፣ ጣቷ ይከተላል፣ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። እያነበበች አልነበረም። እየዘፈነች ነበር።

ይሄን ነገር ክፍል ውስጥ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት እየተቆጡ መጥተው "ቲቸር፣ ልጄ ቤት ውስጥ ሙሉውን ይዘልቀዋል፣ እርስዎ ግን ማንበብ አይችልም ብለው ጻፉልኝ" አሉኝ። ልጁን ጠርቼ ሰሌዳ ላይ ሌ ብቻዋን ጻፍኩለት። ዝም አለ። እናትየው ፊታቸው ሲለወጥ እስከ ዛሬ ይታየኛል። እሳቸው አልዋሹም፣ እኔም አልተሳሳትኩም። ልጁ ገበታውን ያውቀዋል፣ ፊደሉን አያውቀውም። ለእሳቸው ያንን ያህል በእርጋታ ያስረዳሁ ሰው በራሴ ቤት ግድግዳ ላይ የሆነውን ለማየት ሳምንታት ፈጀብኝ።

ጥፋቱ የገበታው ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ። በከፊል ነው። ገበታ ሁልጊዜ አንድ ቅደም ተከተል ነው ያለው። ሀ ሁልጊዜ ላይ ነው፣ ለ ሁልጊዜ ከሥሩ ነው። ልጅ ደግሞ ቦታ መያዝና ዜማ መያዝ ይቀለዋል። ድሮ ቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ሀሁን አስቆጥረው ሲያበቁ እዚያ አያቆሙም ነበር። ወደ መልእክተ ዮሐንስ ነው የሚያሻግሩት፣ ቀጥሎ ዳዊት። እዚያ ፊደሎቹ ተበታትነው ነው የሚመጡት፣ በዜማ ማምለጥ የለም። እኛ ገበታውን ወስደን ቀጣዩን ትተነዋል።

የገበታው ያልሆነው ጥፋት ደግሞ የኔ ነው፣ እሱን ልንገራችሁ።

አንድ ማታ ነው። የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት አስተምሬ፣ በዝናብ በባጃጅ ተንገላትቼ ነው የገባሁት። እራት እስኪደርስ ልጄን ገበታው ፊት አቆምኳትና ሌን ነክቼ "ይቺ ማናት?" አልኳት። ዝም። "ይቺ?" ዝም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "ትናንት ነግሬሽ የለ እንዴ!" ድምፄ ከፍ አለ። አይኗ እንባ አቀረረ። ያኔ እጇን አየሁት። ቀሚሷ ሥር ደብቃ በጣቷ እየቆጠረች ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ። አምስተኛ ጣቷ ላይ ስትደርስ በጣም ቀስ ብላ "ሌ" አለች። ስትቆጥር ነበር የቆየችው። እኔ እየተኮፈሰችብኝ መስሎኝ ነበር። አንጀቴን በላችው።

ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና ሰምታናለች። ወጥታ ምንም አልጮኸችም። "ለሰው ልጅ የሚበቃ ትዕግሥት ለራስህ ልጅ አነሰህ?" ብቻ ነው ያለችኝ።

እውነቷን ነው። ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ልጅ አለኝ። እዚያ አንድ ልጅ በጣቱ ሲቆጥር ካየሁ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ሌላው ሲስቅበት ዝም አስብዬ "ተዉት፣ እያሰበ ነው" እላለሁ። ለዚያ ልጅ ጠዋት ተነሥቼ፣ ታጥቤ፣ ተዘጋጅቼ ነው የምሄድለት። ለልጄ ግን የቀኑን ትራፊ ነው የማመጣላት። ከዚያ ደግሞ የአስተማሪ ልጅ ስለሆነች ቶሎ እንድትችል እፈልጋለሁ። ሰው ምን ይለኛል የሚል ነገር ውስጤ ነበር፣ አልደብቅም። አስተማሪ የሆናችሁ አባቶችና እናቶች ይሄ እንደሚገባችሁ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቅድም ስለዚያ ስለሚናገረው ገበታ ያዙልኝ ያልኳችሁ። ልጄ ፊደሉን አሳስቶ የሚያስተምራትን ማሽን ከኔ ትመርጠው ነበር። እኔ ትክክለኛውን ድምፅ አውቃለሁ፣ እሱ ግን አይቆጣትም።

ከዚያ ማታ በኋላ ሁለት ነገር ቀየርን። አንደኛ ሰዓቱን። ማታ ማታ ቀረ። ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ደክሞኝ ከሆነ ደግሞ ገበታውን አልነካም፣ ተረት ብቻ አነብላታለሁ።

ሁለተኛው ይቺ ናት፣ ገበታ የምትገዙ ሁሉ ሞክሯት። የብስኩት ካርቶን ወስዳችሁ አንዲት ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቁረጡበት። ካርቶኑን ገበታው ላይ አድርጋችሁ ከቦታ ቦታ አንሸራትቱት። ልጁ ከላይ ያለውን አያይም፣ ከጎን ያለውንም አያይም። ዜማው የሚጀመርበት የለውም። ያለችው አንዲት ፊደል ናት። የመጀመሪያ ቀን ልጄ ከሃያ ፊደል አራቱን ብቻ ነበር ያወቀቻቸው። ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች ያልኳት ልጅ! ሳትናደዱ ከአራቱ ጀምሩ።

ቀዳዳዋ ጥሩነቷ የፊደሉን አካል እንድታይ ታስገድዳለች። እዚህ ላይ የቤቶቹ ዓምድ ጠቀመን። ካዕብ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ በቀኝ በኩል እጅ ያወጣል፣ ሉ፣ ሙ፣ ቡ። ሣልስ እጁን ወደ እግሩ ያወርደዋል፣ ሊ፣ ሚ፣ ቢ። ራብዕ የብዙዎቹ አንድ እግር ይረዝማል፣ ላ፣ ሳ፣ ባ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል፣ ሌ፣ ሴ፣ ቤ። ሳድስና ሳብዕ ብዙ አመል አላቸው፣ አንድ በአንድ ነው የሚለመዱት። ሩ እና ሪ፣ ፉ እና ፊም እንደዚሁ ከሕጉ የወጡ ናቸው። ልጄ "እጅ ያለው"፣ "ጫማ ያደረገው"፣ "ቀለበት ያለው" እያለች ለየቻቸው። ስሞቹን ራሷ ናት ያወጣችላቸው። 231 ነገር መሸምደድ ቀረና ሠላሳ ምናምን ፊደልና ጥቂት ምልክት ሆነ።

ቀጥሎ ከቤት ወጣን። ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ስንሄድ መንገዱን ሁሉ ታነባለች። ባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን፣ የዳቦ ቤቱን፣ የፀጉር ቤቱን። እኛ ከተማ ሰሌዳው በሲዳምኛም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለሚጻፍ መጀመሪያ የላቲኑን ከኛው ፊደል መለየት ነበረባት፣ እሱን ቶሎ ያዘችው። ሐይቁ ዳር ደርሰን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያየን አንዱ ዓሣ ሻጭ ጋር "አሳ" ተብሎ ተጽፎ አገኘች። ቆመች። "አባዬ፣ ገበታው ላይ ዓሣ እንደዚህ አይደለም።"

እዚህ ላይ አስተማሪነቴ ጠቀመኝ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ በድሮ ጊዜ የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፣ አሁን በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል አልኳት። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ ነው፣ እንደ ፀሐይ። ሰረቀ ደግሞ ሌባ የሚያደርገው ነው። ፊደሉ ከተለወጠ ፀሐይዋ ሌባ ትሆናለች ስላት በጣም ሳቀች። ሰውየው ተሳስቶ አይደለም፣ ሁለቱም ይነበባል ብዬም ነገርኳት፣ ምክንያቱም ልጄ የሰው ሰሌዳ እየጠቆመች "ስህተት" እንድትል አልፈልግም። ዓሣ ሻጩ ግን ሰምቶን ኖሮ "እንዴት ነው የሚጻፈው የኔ ልጅ?" አላት። አፈር ላይ በእንጨት ጻፈችለት።

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ አገር ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል ሲያወራ ነበር። እኔ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው የሰማሁት። ፊት ለፊቴ ሉን ከሊ የማይለዩ ልጆች ተቀምጠዋል። እነዚህ ልጆች የሳይንሱንም የሒሳቡንም መጽሐፍ በየትኛው ዓይናቸው ያነቡታል? ነገሩ ሁሉ ከፊደል ነው የመጣ አልልም። ግን ፊደሉን በዜማ ብቻ ይዞ ያለፈ ልጅ እያንዳንዱ ክፍል ላይ ዕዳ ተሸክሞ እንደሚወጣ በዓይኔ አያለሁ። ስለዚህ የ180 ብር ገበታ ላይ እንደዚህ ስጨነቅ አትገረሙ። መስከረም ላይ ለክፍሌ ልጆችም ከካርቶን ቀዳዳ ቆርጬ በየወንበሩ አድያለሁ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለፕላስቲኩ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ሥዕሎቹ ቢቀሩ፣ ከሥር ደግሞ ተበታትነው የተጻፉ ፊደሎች የሚነበቡበት አንድ ሁለት መስመር ቢጨመር አምስት ይሆን ነበር። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ግን አትግዙ። ትንሹ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እሱ ማርከሩን ለግድግዳው ነው የሚጠቀምበት።

አንድ ጉድለት ቀርቷል፣ ያገኘሁት እኔ አይደለሁም። ጳጉሜን ላይ ነው። ልጄ ካርቶኗን ይዛ ብቻዋን ገበታው ፊት ቆማለች፣ እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። "አባዬ ና" አለችኝ። የጸ መስመር ላይ ናት። ካርቶኑን ሣልሱ ላይ አደረገች፣ "ይሄ ጺ።" ከዚያ ወደ ኃምሱ ወሰደችው። "ይሄም ጺ ነው። ቀለበት የለውም።"

ተጠግቼ አየሁ። ጸ፣ ጹ፣ ጺ፣ ጻ፣ ጺ፣ ጽ፣ ጾ። ጼ የለም። ሁለት ወር ሙሉ ፊቴ ተሰቅሎ፣ ሁለት ወር ሙሉ እኔም "ጸ ጹ ጺ ጻ ጼ" እያልኩ በላዩ ላይ አልፌበታለሁ።

ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው፣ ያሉትን ጥቅልሎች ሁሉ ፈታልኝ። ሁሉም ላይ ያው ነው፣ ከማተሚያ ቤቱ የመጣ ስህተት ነው። ገንዘብህን ልመልስ አለኝ፣ እምቢ አልኩት። የማይለቅ ጥቁር ማርከር ገዝቼ ተመለስኩ። ልጄ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ምላሷን በከንፈሯ ይዛ፣ ጺዋ እግር ላይ ቀለበቷን ራሷ አደረገችላት። ትንሽ ተጣሞባታል። እናንተም ስትገዙ የጸን መስመር እዩ።